ከባድ ተሳቢ በፒክአፕ ሲጎትቱ፦ ከሚዛኑ እስከ ቁልቁለቱ

ደህና ሞተር ያለው ፒክአፕ ከአቅሙ በላይ የሆነ ተሳቢ ቢታሰርበትም አንቀሳቅሶ መውጣቱ አይቀርም። አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መኪናው ስለተንቀሳቀሰና ማርሽ ስለተቀበለ ብቻ አሽከርካሪው ሥራው የተቃና ይመስለዋል። ሞተሩ የቻለውን ጭነት ግን ፍሬኑ፣ ጎማው፣ ባሌስትራውና የኋላው አክሰል ላይችሉት ይችላሉ። ይህ የሚታወቀው ደግሞ ዘግይቶ፣ ረጅም ቁልቁለት መሀል ወይም ትልቅ አውቶቡስ በጎን ሲያልፍ ነው። ያን ጊዜ ለማስተካከል የቀረው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከግማሽ በላይ የሚያወራው መኪናው ቆሞ ሳለ ስለሚሠራው ሥራ ነው። ወደ አነዳዱም እመጣለሁ። ሆኖም ክብደቱን ሳይመዝን፣ ጭነቱን ሳያደላድልና ማያያዣውን ሳይፈትሽ የተነሣን ሰው የመሪ ብልሃት ብቻውን አያድነውም።

በቅድሚያ በጥቂት ቃላት እንግባባ። ጋንቾ የምለው በፒክአፑ ጀርባ ሻንሲው ላይ የታሰረውን መጎተቻ በሙሉ ነው፤ ኳስ የምለው ጋንቾው ላይ የተተከለውን ክብ ብረት ነው። ማያያዣ በተሳቢው አንገት ጫፍ ያለው፣ ኳሱን ከላይ የሚጎርሰው ክፍል ነው። የጋንቾ ጫና ደግሞ የተሳቢው አንገት ኳሱ ላይ ወደ ታች የሚያሳርፈው ክብደት ነው። ይህ የመጨረሻው ደጋግሞ ስለሚመጣ አደራ፣ እሱን ይያዙልኝ።

የመኪናውን ጣሪያ ማወቅ

በአሽከርካሪው በር ማቀፊያ ላይ ያለው ሰሌዳና ከመኪናው ጋር የመጣው መጽሐፍ አራት ቁጥሮች ይነግሩዎታል። የመጀመሪያው መኪናው ራሱ ሰውና ጭነት ተጨምሮበት ሊመዝን የሚችለው ከፍተኛ ክብደት ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱ አክሰል ሊሸከመው የሚችለው ነው። ሦስተኛው መኪናውና ተሳቢው ተደምረው ሊያልፉት የማይገባ ጣሪያ ነው። አራተኛው፣ ሻጮች በትልቁ የሚያስተዋውቁት፣ የመጎተት አቅም ነው። ከእነዚህ ሌላ ጋንቾውም፣ ኳሱም፣ ማያያዣውም፣ የተሳቢው ጎማዎችም የየራሳቸው ጣሪያ አላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በላያቸው ላይ ተመቶ ይገኛል። ወሳኙ ከሁሉም ዝቅተኛው ነው። 3,500 ኪሎ ግራም በሚጎትት መኪና ላይ 2,000 ኪሎ ግራም የሚችል ኳስ ከተተከለ አቅምዎ 2,000 ነው።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመጀመሪያውን ቁጥር ነው። የጋንቾ ጫና መኪናው እንደተሸከመው ጭነት ይቆጠራል። በምሳሌ ላስላው። ፒክአፑ ከባዶ ክብደቱ በላይ 800 ኪሎ ግራም መሸከም ይችላል እንበል። አምስት ሰዎች 350 ኪሎ ግራም፣ ዕቃቸውና መሣሪያቸው 150፣ ጋንቾው ራሱ 30 ቢሆን የሚተርፈው 270 ኪሎ ግራም ነው። የተሳቢው 12 በመቶ ጋንቾው ላይ የሚያርፍ ከሆነ፣ ይህ መኪና በዚያ ቀን ሊጎትት የሚገባው 2,250 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ማስታወቂያው 3,500 ቢልም በዚያ ቀን አይሠራም።

ማስታወቂያው ዋሽቶ አይደለም። ቁጥሩ የተለካው በሌላ ሁኔታ ስለሆነ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ አምራቾች የሚከተሉት ኤስኤኢ ጄ2807 የተባለው የመለኪያ ደንብ መኪናው ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ፣ እያንዳንዳቸው 68 ኪሎ ግራም ሆነው እንዳሉ ይቆጥራል። ፈተናው ከባድ ነው፤ በአሪዞና ዴቪስ ዳም የሚባለውን 18 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ዳገት በሙቀት፣ የአየር ማቀዝቀዣው ተከፍቶ መውጣትን ይጨምራል። ቢሆንም አምስት ሰውና ሙሉ ስፖንዳ ዕቃ ይዞ አይደለም።

ከፍታም ይቆጠራል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ደጋማ መንገድ ላይ የሚጎትት ሰው ይህን ከወዲሁ ቀንሶ ማሰብ አለበት።

ጭነቱን ማደላደል

ተሳቢን ገዳይ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ የክብደቱ መጠን ሳይሆን የተቀመጠበት ቦታ ነው። ከጠቅላላው ጭነት 60 በመቶ ያህሉ ከተሳቢው አክሰል ወደ ፊት፣ ቀሪው ወደ ኋላ ይሁን። ውጤቱ በጋንቾ ጫና ይለካል፤ በኳስ ለሚጎተት ከባድ ተሳቢ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። በአውሮፓ በሚሠሩ መኪኖችና ተሳቢዎች ላይ ግን የጋንቾ ጫና ጣሪያ በኪሎ ግራም ተጽፎ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም ከዚህ ዝቅ ያለ ነው። እንዲህ ዓይነት ከሆነ የተጻፈውን ይከተሉ። በስፖንዳው መሀል፣ ከኋላው አክሰል በላይ የሚያርፉ ተሳቢዎች ደግሞ ከ15 እስከ 25 በመቶ ይፈልጋሉ።

ምክንያቱን መረዳት ቁጥሩን ከመሸምደድ ይሻላል። ተሳቢ በአንድ ነጥብ፣ በኳሱ፣ የተያዘ ፔንዱለም ነው። ክብደቱ ወደ ፊት ሲያደላ ነፋስ ወይም ጉድጓድ ቢገፋውም ወደ መስመሩ ይመለሳል። ክብደቱ ወደ ኋላ ሲያደላ ግን ጅራቱ መኪናውን መንዳት ይጀምራል፤ እያንዳንዱ ውዝዋዜም ከበፊቱ ይሰፋል። ጫናው በዛ ቢባል ደግሞ የፒክአፑ ጀርባ ይሰምጣል፣ የፊት ጎማዎቹ ይቀልላሉ፣ መሪው ይለሰልሳል፣ መብራቱ ወደ ሰማይ ያያል።

ከባዱን ዕቃ መጀመሪያ፣ ዝቅ አድርገው፣ አክሰሉ አካባቢና ትንሽ ወደ ፊት ያስቀምጡ። ሚዛኑ እንዲመጣ ብለው ግማሹን ከባድ ዕቃ አፍንጫው ጫፍ፣ ግማሹን ጅራቱ ጫፍ ላይ አያድርጉ። ሚዛኑ ላይ ጥሩ ይመጣል፤ መንገድ ላይ ግን ሁለት ጫፉ የከበደ ዘንግ አንዴ መወዛወዝ ከጀመረ ለማቆም ያስቸግራል። ግራና ቀኙም እኩል ይሁን።

ከዚያ ማሰር ነው። የጠፍሮቹ ወይም የሰንሰለቶቹ የመሥራት አቅም ተደምሮ ቢያንስ የጭነቱን ግማሽ ክብደት የሚችል መሆን አለበት፤ እኔ ከዚያ በላይ አደርጋለሁ። መኪና ወይም ማሽን ከሆነ በአራቱም ማዕዘን ያስሩ፣ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ በጠርዝ ላይ የሚያልፍ ጠፍር ሥር ጨርቅ ወይም ጎማ ያድርጉ። ፈሳሽ የጫኑ እንደሆነ ግማሹን የተሞላ በርሜል ከሙሉው ይበልጥ ይፍሩት፤ ውስጡ የሚንቀሳቀሰው ውኃ ክብደቱን በየመታጠፊያው ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። እንስሳ ሲጫንም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ መከፋፈያ ያስፈልጋል።

መመዝን

ግምት እዚህ አይሠራም። የመኪና ሚዛን ያለበት ቦታ ይሂዱና ሦስት ጊዜ ይመዝኑ። መጀመሪያ ተሳቢውን ፈትተው ፒክአፑን ብቻ፣ ሰዎቹና ነዳጁ እንዳሉ፣ የፊቱንና የኋላውን አክሰል ለየብቻ። ቀጥሎ ተሳቢው ታስሮ የፒክአፑን ጎማዎች ብቻ ሚዛኑ ላይ አድርገው እንደገና በየአክሰሉ። በመጨረሻ የተሳቢውን ጎማዎች ብቻ።

ቁጥሮቹ እንዲህ መጡ እንበል። ፒክአፑ ብቻውን ፊቱ 1,250፣ ኋላው 1,100፣ ድምሩ 2,350 ኪሎ ግራም። ተሳቢው ሲታሰር ፊቱ 1,150፣ ኋላው 1,470፣ ድምሩ 2,620። የተሳቢው ጎማዎች 2,180። የጋንቾ ጫናው 2,620 ሲቀነስ 2,350፣ ማለትም 270 ነው። የተሳቢው ሙሉ ክብደት 2,180 ሲደመር 270፣ 2,450 ይሆናል። 270 ከ2,450 ላይ 11 በመቶ ነው፤ ደህና ነው። ሁሉም አንድ ላይ 4,800 ኪሎ ግራም፤ ይህን ከጥምሩ ጣሪያ ጋር ያስተያዩ።

አሁን አክሰሎቹን ይመልከቱ። ኳሱ ላይ ያረፈው 270 ሆኖ ሳለ የኋላው አክሰል 370 ጨምሯል፣ የፊቱ 100 ቀንሷል። ኳሱ ከኋላው አክሰል ወደ ኋላ ወጣ ብሎ ስለሚገኝ እንደ ማንሻ ጣውላ የፊቱን ወደ ላይ ያነሣል። የፊቱ ብዙ ከቀለለ ክብደቱን ወደ ፊት የሚመልሱ የማከፋፈያ ዘንጎች ያሉት ጋንቾ መፍትሔ ነው፤ የመኪናውና የተሳቢው መጽሐፍ የሚፈቅዱት ከሆነ ብቻ። ባሌስትራ ማጠንከር ወይም የአየር ከረጢት መጨመር የሰመጠውን ጀርባ ያነሣል፤ ከፊት የሸሸውን ክብደት ግን አይመልስም፣ የመኪናውንም ጣሪያ ከፍ አያደርግም።

የመኪና ሚዛን ከሌለ ቢያንስ የጋንቾ ጫናውን በቤት ውስጥ ሚዛን መለካት ይቻላል። ጠንካራ ጣውላ አንዱን ጫፍ በሚዛኑ፣ ሌላውን ቁመቱ ከሚዛኑ እኩል በሆነ ድጋፍ ላይ ያሳርፉ። የተሳቢውን አንገት ጣውላው ላይ ሲያወርዱ ከድጋፉ አንድ እጅ፣ ከሚዛኑ ሁለት እጅ በሚርቅ ነጥብ ላይ ይሁን። ሚዛኑ ያሳየውን በሦስት ያባዙ። ተሳቢው ደልዳላ መሬት ላይ፣ ጎማው በታኮ ተይዞ መሆን አለበት።

ማያያዝ

ይህን ሥራ ሲሠሩ ሰው አያናግሩ፣ ስልክ አያንሡ። የሚረሳ ነገር የሚረሳው በወሬ መሀል ነው። አንድ ሰው ጀምሮ ራሱ ይጨርሰው።

የኳሱን መጠን ያንብቡ። በአውሮፓ የተለመደው 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአሜሪካ 47.6፣ 50.8 እና 58.7 ሚሊ ሜትር አሉ። ማያያዣው የሚፈልገው መጠን በላዩ ተጽፏል። ትንሽ ማያያዣ ትልቅ ኳስ ላይ ስለማይገባ ጉዳት የለውም። ትልቅ ማያያዣ ትንሽ ኳስ ላይ ግን ልክ የገባ መስሎ ይዘጋል፣ በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይም ዘሎ ይወጣል።

ከዚያ በቅደም ተከተል እንዲህ ይሂዱ።

1. የተሳቢውን ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በታኮ ይያዙ፤ ማያያዙን እስኪጨርሱ አይነኩም።
2. በድጋፍ እግሩ አንገቱን ከኳሱ ከፍ ያድርጉና ፒክአፑን ቀስ ብለው ወደ ኋላ ያምጡ። ማንም ሰው በመኪናውና በተሳቢው መሀል አይቁም፤ የሚመራዎት ሰው በጎን ሆኖ ይምራ።
3. መኪናውን በእጅ ፍሬን ይዘው ማያያዣውን ኳሱ ላይ ያውርዱ፣ መቆለፊያውን ይዝጉ፣ ፒኑን ያስገቡ።
4. አሁን ይፈትኑት። የድጋፍ እግሩን እንደገና ወደ ታች ያዙሩና አንገቱን ወደ ላይ ይግፉ። የፒክአፑ ጀርባ አብሮ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከተነሣ ማያያዣው ይዟል። ማያያዣው ብቻውን ከተነሣ አልያዘም።
5. የደህንነት ሰንሰለቶቹን ከአንገቱ ሥር አጣምረው፣ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ያያይዙ። ማያያዣው ቢፈታ አንገቱ መሬት ሳይነካ በተጣመሩት ሰንሰለቶች ላይ ያርፋል። ርዝመታቸው ለመታጠፍ የሚበቃ፣ መሬት ግን የማይነካ ይሁን።
6. የድንገተኛ ፍሬኑን ገመድ፣ ማለትም ተሳቢው ከመኪናው ቢላቀቅ ተስቦ የተሳቢውን ፍሬን የሚያሲዘውን፣ ከኳሱ ወይም ከሰንሰለቱ ጋር ሳይሆን ራሱን በቻለ ቦታ፣ ሻንሲው ላይ ያስሩት። ጋንቾው በሙሉ ከመኪናው ቢነቀል ገመዱ አብሮ ከተነቀለ ለምን ታሰረ?
7. የመብራቱን ገመድ ይሰኩ፣ የድጋፍ እግሩን እስከ መጨረሻው ያንሡ፣ ታኮውን ያውጡ።

ከሁሉም ብዙ ጊዜ የሚዘለለው አራተኛው ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ መቆለፊያው ከላይ ሲታይ ፍጹም የተዘጋ፣ ከሥር ግን ኳሱን ጨርሶ ያልያዘ ማያያዣ በዚህ ፈተና አግኝቻለሁ።

ተሳቢው ከታሰረ በኋላ ወደ ጎን ርቀው ይቁሙና ይመልከቱ። መኪናውም ተሳቢውም ከመሬቱ ጋር ትይዩ መሆን አለባቸው። የተሳቢው አፍንጫ ወደ ላይ ካለ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የጋንቾውን ከፍታ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ፍሬንና መብራት

በአውሮፓ ከ750 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። ሕጉ ልል በሆነበት አገርም ይህን ወሰን ቢከተሉ ይበጃል። የፒክአፑ ፍሬን የተሠራው ለፒክአፑ ነው፤ ሁለት ቶን ከኋላ እየገፋው እንዲቆም አልተሠራም።

የተለመዱት ፍሬኖች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ተሳቢው ወደ ፊት በሚገፋው ግፊት ራሱ የሚይዝ ነው። የአሽከርካሪ ቁጥጥር የለውም፤ ስለዚህ የፍሬኑ ሸራ ውፍረትና ተንሸራታቹ ክፍል ግራሶ ማግኘቱ በየጊዜው ይታይ። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራና በአሽከርካሪው አጠገብ መቆጣጠሪያ ያለው ነው። ይህ ከጭነቱ ጋር መስተካከል አለበት። ደረቅና ደልዳላ አስፋልት ላይ፣ ሰው በሌለበት፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄዱ የእጅ መቆጣጠሪያውን ብቻ ሙሉ በሙሉ ይጫኑ። የተሳቢው ጎማ ከተቆለፈና ከጮኸ ኃይሉን ይቀንሱ፤ ተሳቢው ካልያዘ ይጨምሩ። ሊቆለፍ ጥቂት የቀረው ደረጃ ላይ ይተዉት። ጭነቱ ሲራገፍ እንደገና ይስተካከላል፤ ለሙሉ ጭነት የተስተካከለ ፍሬን ባዶ ተሳቢን ይቆልፈዋል።

የድንገተኛ ፍሬኑንም ይሞክሩት፤ ኤሌክትሪክ ከሆነ በገመዱ ጫፍ ያለውን ፒን ነቅለው የተሳቢው ጎማ መያዙን ይዩና ወዲያው ይመልሱት፤ ወጥቶ ከቆየ የተሳቢውን ባትሪ ይጨርሰዋል። መብራቶቹን፣ ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራትና የኋላ መብራት፣ ሌላ ሰው ከኋላ ቆሞ ይይልዎት። አንዱ ፍሬቻ ሲበራ ሌላ መብራት አብሮ የሚያጭለጨል ከሆነ መጀመሪያ የመሬት ሽቦውን ይመርምሩ። የተሳቢ መብራት ችግር አብዛኛውን ጊዜ የዛገ የመሬት ሽቦ ነው።

ጎማና ኩሽኔታ

የተሳቢ ጎማ ሲያረጅ ጥርሱ ላያልቅ ይችላል፤ ቆሞ በፀሐይ እየተሰነጠቀ ነው የሚያረጀው። በጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት አሃዞች ያንብቡ። 2319 ቢል በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ስድስት ዓመት ካለፈው ከባድ ጭነት አያሸክሙት፣ አዲስ ቢመስልም። አየሩን ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ለጭነቱ በተጻፈው ልክ ይሙሉ። አየር ያነሰው ጎማ ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይፈነዳል። ለተሳቢ ብቻ ተብለው ከሚሠሩት የአሜሪካ ጎማዎች አንዳንዶቹ በሰዓት ከ105 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዱ የተወሰኑ ናቸው።

ጎማ ከተፈታ በኋላ ዳዶዎቹ ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና ይጥበቁ። አንድ ጊዜ የተሳቢ ጎማ ቀይሬ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ሄጄ ስፈትሽ፣ ከአምስቱ ዳዶዎች ሁለቱ በጣት የሚዞሩ ሆነው አገኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ መፍቻው ከመቀመጫዬ ሥር አይጠፋም።

በየዕረፍቱ የእያንዳንዱን ጎማ መሀል በእጅዎ ጀርባ ቀስ ብለው ይንኩ። ለብ ያለ ሙቀት የተለመደ ነው። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ካቃጠለ ግን ወይ ኩሽኔታው ግራሶ አጥቷል፣ ወይ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል። ሳይታይ አይቀጥሉ፤ የተቃጠለ ኩሽኔታ ጎማውን ከነመሀሉ ነቅሎ ይሄዳል።

መንገድ ላይ

ፍጥነት ላይ አንድ ስሌት ብቻ ልበል። ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲጨምሩ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኃይል በ56 በመቶ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ግን የጨመረው በሩብ ብቻ ነው። ተሳቢ የመወዛወዝ ዝንባሌውም ከፍጥነት ጋር ያድጋል። ስለዚህ 80 እና ከዚያ በታች የሚሄድ ሰው ዘገምተኛ አይባልም።

ከፊት ያለውን መኪና በሰከንድ ይራቁት፤ ለየሦስት ሜትሩ የመኪናና የተሳቢ ርዝመት አንድ ሰከንድ፣ ከ60 በላይ ሲሄዱ አንድ ይጨምሩ። 12 ሜትር የሆነ ጥምር አምስት ሰከንድ ይፈልጋል ማለት ነው። ሲታጠፉ የተሳቢው ጎማ ከእርስዎ ጎማ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ስለዚህ ቀጥ ብለው ትንሽ ገፍተው ይሂዱና ከዚያ ይጠምዝዙ፤ የውስጡን ስፖኪዮም አይልቀቁ። ዳገት ላይ ማርሽ ቀድመው ይቀንሱ፣ የሙቀት መለኪያውን ይከታተሉ። ሞተሩ መሞቅ ከጀመረ ጉልበት ከመጨመር ይልቅ ፍጥነት ይቀንሱ።

ቁልቁለት

የቁልቁለት ውሳኔ የሚወሰነው አናቱ ላይ ነው። ከመውረድዎ በፊት ፍጥነት ቀንሰው ማርሽ ያስገቡ፤ ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ወይም ከዚያ ባነሰ ይውረዱ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ የመጎተቻ ዘዴውን ያብሩ፣ ወይም በእጅ ዝቅተኛውን ማርሽ ይያዙ። መሀል ላይ ፍጥነቱ ካመለጠ በኋላ ማርሽ መቀነስ አስቸጋሪ ነው፤ ማርሹ ሳይገባ ወጥቶ ከቀረ ደግሞ መኪናው ያለ ሞተር ፍሬን ይቀራል። በዜሮ ማርሽ መውረድ ፈጽሞ አይታሰብ።

ፍሬኑን እንዲህ ይጠቀሙበት። ለመንገዱ የሚሆን ፍጥነት ለራስዎ ይወስኑ፣ 50 ይሁን። ፍጥነቱ 50 ሲደርስ ጠበቅ አድርገው ይያዙና ወደ 42 ገደማ ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። ተመልሶ 50 ሲደርስ ይድገሙ። ፔዳሉን ለስለስ አድርጎ ለረጅም ጊዜ መርገጥ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ነገር ግን ሸራውና ዲስኩ የሚተነፍሱበት ጊዜ ስለማያገኙ ሙቀቱ ይከማቻል። ሸራው መያዙን ይተዋል፣ የፍሬን ዘይቱ ሊፈላ ይችላል፣ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይሰምጣል። የሚቃጠል ሸራ ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከለሰለሰ፣ ገና የሚይዝ ፍሬን ሳለ መቆሚያ ፈልገው ይቁሙ፤ በውኃ ሳይሆን በጊዜ ይቀዝቅዝ።

ተሳቢው መወዛወዝ ሲጀምር

ከትልቅ መኪና የሚመጣ ነፋስ፣ የጎን ነፋስ፣ ድንገተኛ መሪ ማዞር ወይም ቁልቁለት ሊያስጀምረው ይችላል። የሰው ደመ ነፍስ ሦስት ነገር ያዘዋል፤ ፍሬን መርገጥ፣ መሪውን በተቃራኒው ማዞር፣ ወይም ነዳጅ ሰጥቶ ለመሳብ መሞከር። ሦስቱም ያባብሱታል። የሚደረገው ነዳጁን መልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ መኪናው በራሱ ፍጥነት እንዲቀንስ መተው ነው። የኤሌክትሪክ ፍሬን መቆጣጠሪያ ካለዎት የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ ቀስ አድርገው ይያዙ፤ ተሳቢው ከኋላ ሲያዝ አንገቱ ይወጠራል፣ መስመሩም ይቃናል። የመኪናውን ፍሬን ከረገጡ ግን ተሳቢው ወደ ፊት ይገፋና እንደ ሰንጢ ይታጠፋል።

ከተረጋጋ በኋላ ይቁሙ። ውዝዋዜ በዕድል የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ጭነቱ ወደ ኋላ አድልቷል፣ ጎማ አየር አንሶታል፣ ወይም ፍጥነቱ በዝቷል። ምክንያቱን ሳያገኙ መንገዱን መቀጠል ያው ነገር እንዲደገም መፍቀድ ነው።

ወደ ኋላ መሄድ

መሪውን ከታች፣ በሰዓት ቢሆን 6 ቁጥር ላይ ባለው ቦታ ይያዙት። እጅዎ ወደ ግራ ከሄደ የተሳቢው ጅራት ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ከሄደ ወደ ቀኝ ይሄዳል። በትንሽ በትንሹ ያዙሩ። አጭር ተሳቢ ከረጅሙ ይልቅ ቶሎ ስለሚታጠፍ ያስቸግራል። ማዕዘኑ ከሰፋ አይታገሉት፣ ወደ ፊት ሄደው አቃንተው እንደገና ይጀምሩ። ከተጠራጠሩ ወርደው ይመልከቱ። የሚመራዎት ሰው ከስፖኪዮ በጠፋ ቅጽበት ይቁሙ።

ማቆምና መፍታት

ተዳፋት ላይ መፍታት ከተቻለ ይተው። ግድ ከሆነ ፍሬን ረግጠው ሳለ ሌላ ሰው ታኮውን ከጎማዎቹ የቁልቁለት ወገን ያስቀምጥ። ፍሬኑን ቀስ ብለው ይልቀቁና ክብደቱ ታኮው ላይ መደገፉን ይዩ፤ ከዚያ የእጅ ፍሬን፣ ከዚያ ማርሽ። የድጋፍ እግሩ አንገቱን ሳይሸከም የማያያዣውን መቆለፊያ አይክፈቱ፤ ገመዶቹና ሰንሰለቶቹም የሚፈቱት ታኮው መያዙ ከታየ በኋላ ነው።

ጭነቱን የሚያራግፉት ተሳቢው ከመፈታቱ በፊት ከሆነ ከኋላው ይጀምሩ። ከፊት መጀመር የኋላውን ክብደት ብቻውን ያስቀረዋል፤ አንገቱ ወደ ላይ ሲነሣ የፒክአፑን የኋላ ጎማዎች ከመሬት ያቀልላቸዋል፣ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘውም እነዚያኑ ጎማዎች ነው። ከባድ ማሽን በጅራቱ በኩል ሲወርድም አንገቱ መነሣቱ አይቀርም። በተሳቢው የኋላ ማዕዘኖች ሥር ጠንካራ ድጋፍ ሳያስገቡ መወጣጫውን አይዘርጉ፤ ሰውም አንገቱ አጠገብ አይቁም።